ኬላ ላይ የተቆለፈ ካፖርት

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ የተረተው ሰው ነገሌ ቦረና አልደረሰም። ደርሶ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ከተማ በሰው ልብስ ደምቆ ያገኘው ነበር። መምህሩ በማያውቀው ሰው ኮት ያስተምራል፤ የቀበሌው ጸሐፊ በማያውቀው ሰው ሸሚዝ ማህተም ይመታል፤ ሙሽራው ከዚህ በፊት ሌላ ሙሽራ ያገባበት ሊሆን የሚችል ከረባት አስሮ ፎቶ ይነሳል። ሁሉም ያምርባቸዋል። ባለቤቶቹ ባሕር ማዶ ስለሆኑ መጥተው አይጠይቁም። ሰው በሰው ልብስ የሚያፍረው የልብሱ ባለቤት እዚያው ሰፈር ሲኖር ብቻ ነው።

መንግሥት በወረቀት ላይ «ልባሽ ጨርቅ» ይለዋል። ነጋዴው በእስሩ «ቦንዳ» ይለዋል። እኛ «ሳልባጅ» ብለነው አደግን። ልጄ ደግሞ ስልኳ ላይ ፎቶውን ስትለጥፍ «ቪንቴጅ» ትለዋለች፤ በዚህ ስም ሲጠራ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ስሙ ሲቀየር ዋጋው የሚጨምር ነገር በዚህ አገር ብዙ ስለሆነ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።

ክምሩን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሽታ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም። ወደራ ላይ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ረዳቱ በር እየደበደበ፣ እኔ መሬት ላይ ከተነጠፈው ሸራ አጠገብ ተንበርክኬ የኮት ገበር እገለብጣለሁ። ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ሄዷል። ዶሎ ኦዶ ላይ እንቁላል እንኳ በሚጠበስበት ፀሐይ ቆሜ ቀበቶ መርጫለሁ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ጣቴ ሳላዘው ወደ አጠገቤ ሰው አንገትጌ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የሟች ወንድም ዞር ብሎ «ምን ፈለግህ?» አለኝ። «ክር ነበረብህ» አልኩት። ክር አልነበረበትም። የተሠራበትን ቤት ስም ለማየት ነው።

እናንተም ከፈለጋችሁ ላስተምራችሁ፤ ከባድ አይደለም። ቀለሙን አትዩ፤ ቀለም ያታልላል። መጀመሪያ ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያዙት፤ ጥሩ ጨርቅ ሲለቁት ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚያ ገልብጡት። ርካሽ ልብስ ውበቱ ከውጭ ነው፤ ውድ ልብስ ከውስጥም ያምራል። የቁልፍ ቀዳዳው ጠርዝ በእጅ የተሰፋ ከሆነ ፊታችሁን አታብሩ፤ ሻጩ ያያችኋል። አንገትጌው ላይ ያለውን ስም መጨረሻ ላይ አንብቡ። ስሙን ማንም ልብስ ሰፊ አንስቶ ሌላ ልብስ ላይ ይሰፋዋል። ስፌቱን ግን አንስቶ የሚሰፋ የለም።

ዋናው ምስጢር ግን አገሩ ነው። ቦንዳውን የሚያስረው ፈረንጅ ልብሱ የት እንደሚፈታ አያውቅም። ስለዚህ በረዶ ላይ የሚለበስ ካፖርት መጥቶ ዳዋ ወንዝ ዳር ይራገፋል። ማን ይገዛዋል? ሌሊት ከግመሉ ጋር ሜዳ የሚያድር ሰው ይገዛዋል፤ እሱም ክብደቱን መዝኖ እንጂ ስሙን አንብቦ አይደለም። እና በዓለም ላይ ምርጡ ካፖርት በርካሽ የሚገኘው ካፖርት በማያስፈልግበት አገር ነው። ይህን ያወቅሁት በሃያ ዓመቴ ነው። በቀላሉ አላወቅሁትም።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አባቴ ነገሌ ጦር ሰፈር የነበረ አሥር አለቃ ነው፤ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ አልተመለሰም። እናቴ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ አረፈች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የሰው አጥር እያጠርኩ፣ የሰው ውኃ እየቀዳሁ ስኖር፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ዶሎ ላይ ለእህል መጋዘን ጸሐፊ ይፈልጋል ተባለ። ተመዘገብኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የቀረኝ ነገሌ ቢሯቸው ሰኞ ረፋድ ላይ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ብቻ ነው። ይህ ሥራ ምን ማለት እንደነበር ለማስረዳት ቃል አላባክንም፤ ማታ ምን እንደምበላ ጠዋት ላይ ማወቅ ማለት ነበር።

ችግሩ ልብስ ነው። የነበረኝ አንድ ደህና ሸሚዝ፣ የአባቴ የሠራዊት ሸሚዝ፣ ካኪ ነው። ማዕረጉ ተፈትቷል፤ ማዕረጉ የነበረበት ቦታ ግን ከሌላው ደመቅ ብሎ ይታያል። ጨርቅ የተሸፈነበትን አይረሳም። በዚያን ጊዜ «የወታደር ልጅ» የሚለው ቃል እንደ ስም ሳይሆን እንደ ጥያቄ ይነገር ነበር። ያንን ለብሼ ቢሮ ብገባ እኔ ከመቀመጤ በፊት አባቴ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል ብዬ አሰብኩ። የፈለግሁት ነገሌ ውስጥ ማንም ታሪኩን የማያውቀው ልብስ ነው።

እትዬ ሩቂያ አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያ ላይ ሳልባጅ ይሸጣሉ። ሄጄ ነገርኳቸው።

«ገንዘብ ግን የለኝም» አልኩ።

«ገንዘብ ማን ጠየቀህ? ሰውነት አለህ አይደል?» አሉኝ።

ሰውነት ያሉት ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ሸቀጡ ከሞያሌ መጥቶ ሜጋ ላይ ይፈታል። በሜጋና በነገሌ መሃል ኬላ አለ። የኬላውን ሕግ በቃሉ የማያውቅ ሕፃን አልነበረም፦ የለበስከው ያንተ ነው፤ የያዝከው የመንግሥት ነው። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ቦንዳውን ፈተው ሰው ላይ ይደርቡታል። ለባሹ ትራንስፖርቱ ይቻልለታል፣ ምሳ ይበላል፣ ነገሌ ሲደርስ ይላጣል። እንዲህ ያለውን ሰው «መስቀያ» ይሉታል። የእኔ ውል ትንሽ ይሻል ነበር፦ ከለበስኩት መሃል አንዱን መርጬ አስቀራለሁ። ኬላውን ካለፈ።

ሐሙስ ጠዋት ሜጋ ላይ አንድ መጋዘን ውስጥ አለበሱኝ። አምስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ሹራብ። ከዚያ እትዬ ሩቂያ ከክምሩ ሥር አንድ ግራጫ ካፖርት ሳቡ። ስሜቱ እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ ብል አልዋሸሁም። እንደ ጥጃ አንገት የለሰለሰ ሱፍ፣ ውስጡ እንደ ውኃ የሚንሸራተት ገበር፣ አንገትጌው ላይ በወርቃማ ክር የተጻፈ የጣሊያን ስም። ትከሻዬ ላይ ልክ ገባ። በእርግጥ በዚያን ጊዜ ትከሻዬ ትከሻ አልነበረም።

«ይሄን ነው» አልኩ።

እትዬ ሩቂያ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ዘጉት። «ነገሌ ግባ መጀመሪያ» አሉኝ።

ጭነት መኪናው ላይ ስድስት መስቀያዎች ነበርን። እትዬ ሩቂያ ራሳቸው ሦስት ቀሚስ ደርበው ጥግ ተቀምጠዋል። ፀሐዩ ከላይ፣ የሞተሩ ግለት ከታች፤ እኛ መሃል ላይ እንቀቀላለን። አጠገቤ አንድ የቦረና ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን ይዘው ነበር። አንድ ቀጭን ሽርጥና አንድ ነጠላ ብቻ ለብሰው ነፋሱን እያጣጣሙ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አካም፣ ናጋ?» አሉኝ።

«ናጋ» አልኩ፤ ላቤ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ልብስ የማን ነው?»

አንቺ ሲሉኝ አልገረመኝም። በኦሮምኛ «አቲ» ወንዱንም ሴቱንም እኩል ይጠራል፤ አማርኛ ሲናገሩ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለባቸውና ደስ ያላቸውን ይመርጣሉ።

«የራሴ ነው፣ አባባ» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉ፣ ፍየላቸውን እየዳበሱ። «እኔ እንኳ ይሄን ያህል ፍየል የለኝም።»

ኬላው ደረስን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ክፉ ፊት የለውም፤ የተሰላቸ ፊት ነው ያለው። አንድ በአንድ አወረደን። ጠየቀ፣ ዳበሰ፣ አሳለፈ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ካፖርቱን እንደ እኔ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ያዘው። ያኔ መፍራት ነበረብኝ።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«ያንተ ከሆነ ቆልፈው።»

ይህ ምን ከባድ ነገር አለው ትላላችሁ። ከሙቀቱ የተነሳ ከሜጋ ጀምሮ ከፍቼው ስለመጣሁ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆለፍኩትም ነበር። ቀኝ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ፤ ቁልፉ የለም። ቀዳዳ አገኘሁ። ግራ እጄን ወደ ቀዳዳው ሰደድኩ፤ እሱ ደግሞ ቁልፍ አገኘ። ሁለቱ እጆቼ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተጋጩ። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እኔ ከአያያዝ ተያዝኩ።

«የሰው እጅ የራሱን ቁልፍ ያውቃል» አለ ፈታሹ። «እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የወንድ ቁልፍ በቀኝ ነው። በግራ ያለው የሴት ነው። ይሄ የሴት ካፖርት ነው።»

መኪናው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም፤ ከተሳፋሪው ሁሉ እኔን በትክክል የጠሩኝ እሳቸው ነበሩ።

አሁን አስቡት። የሴት ነው ካልኩ ለምን ለበስከው ይለኛል። የእኔ አይደለም ካልኩ ካፖርቱ የመንግሥት ይሆናል፤ ሰኞ ደግሞ በካኪ እቀርባለሁ። አፌ ከእኔ ቀደመ።

«የእናቴ ነው» አልኩ።

«እናትህ የት አሉ?»

እውነተኛው መልስ አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ ለካፖርት ብዬ ኬላ ላይ አላወጣውም። ከመኪናው ጥግ ድምፅ መጣ።

«እዚህ ነኝ» አሉ እትዬ ሩቂያ። «ኢልመ ኮ ነው። ልጄ ነው።»

ፈታሹ መታወቂያዬን አየ። ስሜ ከነአያቴ ገብርኤልና ሚካኤል ነው። የእትዬ ሩቂያን ሻርፕ አየ። እንደገና መታወቂያዬን አየ።

«አንቱ ነዎት እናቱ?»

«እናቱ ስትሞት ማን አበላው መሰለህ?» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በል ስጠኝ፣ አንተ ደግሞ። በርዶህ ከሆነ ብዬ ነው የሰጠሁህ።»

ካፖርቱን ተቀብለው በሦስቱ ቀሚስ ላይ ደረቡት፤ ወደ ታች ሳያዩ፣ ፈታሹን ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ አምስቱንም ቁልፍ ቆለፉት። የፈጀባቸው ጊዜ አንድ ቢስሚላህ አይሞላም። ፈታሹ እጁን አወዛወዘ። አለፍን።

መልካ ጉባ ላይ ዳዋን ስንሻገር አውልቀው ጭኔ ላይ ጣሉልኝ።

«የሴት መሆኑን ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ፊትህ በርቶ አየሁት። ምን ልበልህ?» አሉና ወደ ወንዙ ዞሩ። ስለሌላው ነገር፣ ኬላ ላይ ስላሉት ነገር፣ እኔም አላነሳሁ፣ እሳቸውም አላነሱ። እስኪያርፉ ድረስ አላነሳነውም።

አርብ፣ ቅዳሜና እሑድ የሠራሁት አንድ ሥራ ነው፤ በግራ መቆለፍ ተለማመድኩ። አንድ ልብስ ሰፊ ቀዳዳውን ልቀይር ካልኩ ጨርቁ ይበላሻል አለኝ። ስለዚህ ጣቶቼን መቀየር ነበረብኝ። ሱፉ ከካኪው ላይ እስከ አንገቴ ሲቆለፍ ምንም አይታይም። መስተዋት አልነበረኝም፤ የጎረቤት መስኮት ላይ ራሴን አይቼ አምባሳደር መሰልኩ።

ሰኞ ረፋድ ገባሁ። ቢሮው ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው ሲግል ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ መነጽር ያደረጉ ሰብሳቢ፣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዲት ነርስ። ሦስቱም እጅጌ አጭር ሸሚዝ ለብሰው በወረቀት ይራገባሉ። እኔን ሲያዩ ማራገባቸውን አቆሙ።

ዓይናቸው ካፖርቱ ላይ ነው። ቁልፉን አዩት ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ ነርሷ፣ በሐዘኔታ።

ስለ ካፖርቱ የጠየቀችኝ መሰለኝ። «ከሐሙስ ጀምሮ» አልኩ።

ጻፈች። «ያልብሃል?»

«በጣም።»

«እጅህ ደግሞ ይንቀጠቀጣል» አለች ለሰብሳቢው።

ያኔ ገባኝ። ነገሌ ላይ በረፋድ ፀሐይ ካፖርት እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚሄድ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ወባ የያዘው። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ቁልፉ ስጨነቅ፣ እነሱ ቁልፍ መኖሩንም አላዩ።

ሰብሳቢው ደግ ሰው ነበሩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ካልታመምክ አውልቀውና ዘና ብለህ ተቀመጥ። አንተን እያየን እኛም ላበን።»

ማውለቅ ብቻ ነው። አምስት ቁልፍ። ሥራው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ በእጄ ልነካው እችል ነበር። ከሱፉ ሥር ግን ካኪው አለ፣ ትከሻው ላይ ያልጠፋው ምልክት አለ፣ አባቴ አለ። ጣሪያው ጠቅ አለ።

«በርዶኛል» አልኩ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። የሚቀጠረው ሰው ረቡዕ ወደ ዶሎ እንደሚነሳ፣ ዶሎ ለጤነኛም እንደሚከብድ፣ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ማለፌን፣ ጤናዬ እንደሚቀድም ነገሩኝ። ነርሷ በነፃ የምመረመርበት ወረቀት ጻፈችልኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ደጅ አግዳሚው ላይ ተራው የደረሰ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ዘሪሁን ይባላል፤ ከወደራ ነው የመጣው። ለብሶ የመጣው ካኪ ነው። እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ ትከሻው ላይ ምልክቱ ከእኔው ይልቅ ይታያል። አዘንኩለት። የምር አዘንኩለት፤ እንዴት እንዲህ ሆኖ ይገባል ብዬ።

ደሜን አዩ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ማክሰኞ ውጤቱን ይዤ ስሮጥ ቦታው ተሞልቷል። ረቡዕ መኪናው ዘሪሁንን ይዞ ዶሎ ሄደ። በሚቀጥለው ሐሙስ እኔ ሜጋ ነበርኩ፤ ስድስት ሸሚዝ ለብሼ። ካፖርቱን ከደጋ ለመጣ ሾፌር ለወጥኩት። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልተቀመጠም፤ ሰውነቴን በማከራየት ጀምሬ የራሴን ሸራ አነጠፍኩ፣ ከዚያ ሱቅ ከፈትኩ። በዚህ አልማረርም፤ እንጀራ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ ብቻ አልሆነልኝም።

ዘሪሁንን ከብዙ ዓመት በኋላ ዶሎ ላይ አገኘሁት። ሆዱ ትንሽ ገፋ ብሏል፤ የመጋዘን ኃላፊ ሆኗል። ለስላሳ ጋበዘኝና ስለዚያ ቀን አነሳን። ለዓመታት በልቤ ይዤው የኖርኩትን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረግሁት።

«ስለ ሸሚዙ ምንም አላሉህም?»

«ብለውኛል እንጂ» አለኝ። «ሰብሳቢው 'የማን ነው?' አሉኝ። 'የአባቴ ነው' አልኳቸው። ክንዴን ያዝ አደረጉና 'ጠንካራ ጨርቅ ነው' አሉኝ። ከዚያ ስለ መጋዘን ቆጠራ ጠየቁኝ።»

«በቃ?»

«በቃ። ምን ሊሉኝ ነበር?»

«እውነታቸውን ነው» አልኩት። «ጨርቁ ጠንካራ ነው።»

በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ልብስ ገልብጫለሁ፤ የጣሊያኑንም የእንግሊዙንም አይቻለሁ። እንደዚያ ካኪ ያለ ስፌት አልገጠመኝም። ዘሪሁን የእሱን እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦታል። የእኔን የት እንዳደረስኩት አልጠየቀኝም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።